ውድቅ ድምፅ፣ ሰባት

ከሌሊቱ ስድስት፣ ቢቸና ስታንቀላፋ፣
መብራት እንደ ልማዱ ከማታው ሲጠፋ፣
በአራተኛ "ለ" ክፍል፣ በባትሪ ብርሃን፣
ቆጠራውን ጨረስን ወገብ እየያዝን።
ሣጥኑን ገልብጬ መታሁት በጥጉ፣
ታዛቢዎች ሦስቱም አንገት አሰገጉ፤
ከውስጡ የወጣው ብናኝ ነው፣ ጠመኔ፤
ከዚህ በታች ያለው የተጻፈው በኔ።

እንየው አለኸኝ፣ ምልክቱ መሰላል፦ አራት መቶ አሥራ ሁለት።
ይታይሽ ፈንቴ፣ ምልክቷ ፋኖስ፦ አራት መቶ ዘጠኝ።
ልንገርህ አስረስ፣ ምልክቱ ዣንጥላ፦
አንድ።

አንድ ብዬ ስጽፍ እጄ ዘገየብኝ።
"እንድገመው" አልኩ፤ ደግመን ቆጠርንለት፤
አንድ ነው።
ነገ ጧት ይህ ወረቀት በር ላይ ሲለጠፍ
እናቱ "እኔ ነኝ" ትላለች፤
ሚስቱም "እኔ ነኝ" ትላለች፤
ሁለቱም በማርያም ይምላሉ፤
አንድ ድምፅ ለሁለት መሐላ አይበቃ።
ደግሞስ እሱ ራሱ? እሱ ለማን ሰጠ?
አላውቅም። ብቻ ሰልፉ ላይ ሳየው
ከራሱ ፎቶግራፍ ዓይኑን ይሸሽ ነበር።

እንየው ወፍጮ አለው። ባለፈው ቅዳሜ
ገበያተኛውን በነፃ ፈጨለት፤
ሦስት ድምፅ ማለት እንግዲህ
ሦስት ቁና ጤፍ ነው፣ ብናኙ ሳይቀነስ።
ይታይሽ አዋላጅ ናት፣ ጤና ኬላው ውስጥ፤
የሰፈሩን ልጅ እኩሌታ በእጇ ተቀብላለች፤
ምን ያደርጋል፣
የተቀበለቻቸው ገና ለካርድ አልደረሱም።

ውድቅ የሆኑት ሰባት ናቸው።
አንዱ ሦስቱንም መርጧል፣ ጎረቤት ላለማስቀየም።
አንዱ አውራ ጣቱን ነጩ ቦታ ላይ አሳርፏል፣
ማንም በሌለበት።
ሁለቱ ባዶ፤ እንደ መጡ ተመለሱ።
አንዱን ቅቤ ነክቶት ምልክቱ ተዋውጧል።
አንዱ ስድብ ነው፤ አልደግመውም፤
ሆሄው ግን ልክ ነው፣ ሙሉ ነጥብ ይገባዋል።
ሰባተኛው፣
በእርሳስ፣ ከዳር፣ ጥብብ ባለች ጽሕፈት፦
"ድልድዩስ?"

የመጀመሪያዋን "ድ" አወቅኋት።
ሦስት ዓመት በቀይ እስክሪብቶ አርሜ አርሜ
አልቃና ያለች፣ ጎንበስ የምትል "ድ" ናት።
ስሙን አልናገርም፤ ሕጉ ይከለክለኛል።
አምና በነሐሴ፣ ሱሃ ሲሞላ፣
በማን ትከሻ ማን እንደተሻገረ፣
ማን እንዳልተሻገረም፣
አልናገርም።

"መምህር፣ ይኼ ለማን ይያዝ?"
"ለማንም።"
"መሰላል ማለቱ ነው፣ መሰላልም ሲጋደም ድልድይ ነው"
አለ የእንየው ታዛቢ።
"ኧረ ፋኖሱ ሥር ነው የጻፈው፣ ዓይን የለህም?"
አለች የይታይሽ።
የልንገርህ ታዛቢ ተኝቷል።

ደንቡ ግልጽ ነው። ከምልክቱ ሌላ
ጽሑፍ የሰፈረበት ወረቀት አይቆጠርም።
ሰባተኛውን ከስድስቱ ጋር በላስቲክ አሰርኩት፤
ከስድቡ በላይ፣ ከቅቤው በታች።

ቅጹ ግርጌ ላይ አንድ መስመር ቀርታለች፦
"ልዩ አስተያየት ካለ ይገለጽ።"
ባትሪው ቢጫ ሆነ።
የአንዱ ታዛቢ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል።
ጻፍኩ፦
የለም።

ማኅተሙን መታሁት፤ ፈረምን አራታችን፤
በሩ ላይ ለጥፈን ተበተንን ወደየቤታችን።
የኔ ቤት ማዶ ነው።
ቁልቁለቱን ስወርድ፣ ገና ሳልደርስበት፣
የሰኔ ሱሃ ነው የሚያጉረመርመው፤
ስሙ ያልተመዘገበ፣ ካርድ ያልወሰደ፣
በጨለማው ውስጥ፣ ሌሊቱን በሙሉ፣
ድምፁን ይሰጣል፣
ድምፁን ይሰጣል።

ቁጭ ብዬ ጫማዬን ፈታሁ።